መርፌው፣ ዋገምቱና የቅጠሉ ከረጢት

ስለ ቻይና ባህላዊ ሕክምና የምትልኩልኝ ጥያቄ በዝቷል። ዛሬ አራቱን ላንሳ።

«የ68 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ታክሲ ስነዳ ኖሬ ወገቤ አልቋል። ልጄ አኩፓንቸር (የቻይናውን የመርፌ ሕክምና) ሞክር ትለኛለች። ይሠራል? ሜዲኬርስ (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ይከፍላል?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ ከገንዘቡ ልጀምር። ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ፣ ሦስት ወር ያህልና ከዚያ በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ይከፍላል። በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ ይሄዳሉ። ካሻለዎት 8 ይጨመርልዎታል፤ በዓመት ከ20 አያልፍም። ካላሻለዎት ይቆማል። ብዙዎቹ የግል አኩፓንቸር ቤቶች ግን ሜዲኬርን በቀጥታ ማስከፈል አይችሉም። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

ይሠራል ወይ? ቻይኖቹ «ቺ» የሚሉት ኃይል በሰውነት መስመሮች ላይ ይፈሳል ይላሉ። በመስመሮቹ ላይ 361 የታወቁ ነጥቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የወጣ የጀርመን ጥናት 1,162 የወገብ ሕመምተኞችን በሦስት ከፈለ። ለአንዱ ቡድን መርፌው ነጥቡ ላይ ተወጋለት። ለሌላው ነጥብ ያልሆነ ቦታ ላይ፣ ያውም ላይ ላዩን። ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒትና እንቅስቃሴ አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ ከመቶው የተሻላቸው በቅደም ተከተል 48፣ 44 እና 27 ያህል ነበሩ። ገባዎት ጋሼ? መርፌው የትም ቢወጋ ከተለመደው ሕክምና በለጠ። ነጥቡ ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ እኔ የቺውን ታሪክ አላምንም፤ «ቀለለኝ» የሚለውን ሰው ግን ውሸታም አልለውም። ስድስት ጊዜ ያህል ይሞክሩት፣ ካልሆነ ይተዉት። እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ግን መርፌ ቤት አይሂዱ፤ ያኑ ቀን ሆስፒታል!

«ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ ትከሻ ላይ ያየነው ክብ ክብ ምልክት የኛው ዋገምት አይደል እንዴ?» (ከአዲስ አበባ)

ዘመዳሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የታየው የኩባያ አሻራ ነው። ቻይኖቹ ብዙ ጊዜ የመስታወቱን ኩባያ ውስጡን በእሳት አሙቀው ቶሎ ይለጥፉታል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ቆዳውን ስቦ ይይዛል። በኛው ዋገምት ደግሞ ቆዳው በምላጭ ጫር ጫር ተደርጎ በቀንድ ይመጠጣል። የሚጠቁረው ነገር «መጥፎ ደም» አይደለም፤ ትንንሽ የደም ሥሮች ተበጥሰው ቆዳው ሲበልዝ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ምላጩ ነው። የማን ደም ነክቶት ነበር? የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ በዚያ ያልፋሉ። ቻይኖቹም ደም የሚያወጣ ዓይነት አላቸው፤ እዚያም ይህንኑ ጠይቅ።

«እናቴ ስኳር አለባት። ከቻይና ሱቅ የተገዛ ቅጠል እያፈላች ትጠጣለች፣ የስኳር መድኃኒቷን ሜትፎርሚንን ልታቆም ነው። ‹የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም› ትላለች።» (ከዱባይ)

እህቴ፣ እናትሽ መድኃኒቷን አታቁም። ዛሬውኑ ደውይላት። ከረጢቱንም ይዛ ለሐኪሟ ታሳይ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ለመክሳት ብለው የቻይና ዕፅ ያለበት ክኒን የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። በስም የሚመሳሰሉ ሁለት ዕፆች ተምታተው የገባው መርዘኛው ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አንዳንዶቹም ኋላ በሽንት መስመር ካንሰር ተያዙ። ያም የተፈጥሮ ነገር ነበር።

ቅጠል ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ቱ ዩዩ የተባሉ ቻይናዊት ተመራማሪ ከ1,600 ዓመት በፊት ገደማ የተጻፈ የወባ መድኃኒት አሠራር አነበቡ። ቅጠሉን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። አፍላው አይልም። ሙቀቱ ፍቱኑን ነገር እንደሚያጠፋው የገባቸው ከዚህ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በሚባል ፈሳሽ ለዩት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። እኛ አገር ለወባ የሚዋጠው ኮአርተም የዚያ ቅጠል ልጅ ነው። ልዩነቱ ተመርምሮ፣ ተለክቶ ክኒን መሆኑ ነው። የእናትሽ ኩባያ ውስጥ ያለውን ማን ለካው?

«መርፌ እፈራለሁ። ያማል?» (ከስቶክሆልም)

ብዙም አያምም። ቀጭን ነው፣ ሩብ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ሲገባ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ከበድ የሚል ስሜት ይመጣል። የታሸገ አዲስ መርፌ ፊትሽ ይከፈት። ደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ወይም ያረገዝሽ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። ሲጨርሱም ቆጥረው ያውጡ። እኔ አንዴ ለትከሻዬ ሄጄ ቤት ገብቼ ካልሲዬን ስስብ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አንድ ቀርታለች። እስከዚያ ድረስ መኖሯንም አላወቅሁም።