የአባቴ ካሴቶች ለምን ይሮጣሉ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አባቴ በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ የታደሟቸውን የኪነት ዝግጅቶች በባትሪ በሚሠራ ቴፕ ቀድተው አስቀምጠዋል። ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው ስል የአንዳንዱ ድምፃዊ ድምፅ እንደ ሕፃን ቀጥኖ ይሰማል፤ አንዱን ካሴት ደግሞ ቴፑ በላው። ዓመቱንም አባቴ እርግጠኛ አይደሉም። (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ካሴቱ አልተበላሸም። ሲቀዳ ባትሪው ደክሞ ነበርና ሞተሩ ክሩን በዝግታ ስቦታል። ዛሬ በትክክለኛው ፍጥነት፣ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር፣ ሲጫወት ይሮጣል፣ ይቀጥናልም። ባትሪ የሚደክመው ቀስ በቀስ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የካሴቱ መጨረሻ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ በየአሥር ደቂቃው ይለኩ።

በምን ይለካል? ቅኝቱ አይረዳዎትም። ፍጥነት ሲጨምር ሁሉም ድምፅ እኩል ከፍ ስለሚል አምባሰሉ አምባሰል፣ ባቲውም ባቲ እንደሆነ ይቀራል። ክራርና ማሲንቆም ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማሙ ስለሚቃኙ መነሻ አይሆኑም። የሚረዳዎት በዘፈኖች መካከል ከመድረኩ ማጉያ የሚሰማው «እምም» የሚል ጉርምርምታ ነው። መብራታችን 50 ሄርዝ ነው (በሴኮንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል)፤ ጉርምርምታውም ከእሱ የሚመጣ ነው። በኦዳሲቲ (የድምፅ ማረሚያ የኮምፒውተር ፕሮግራም) ጸጥ ያለ ቦታ መርጠው ስፔክትረሙን (የትኛው ሄርዝ ምን ያህል እንደሚጮኽ የሚያሳየውን ሥዕል) ያውጡ፤ መጠኑን (Size) 65536 ያድርጉት። ጉብታው 52 ሄርዝ ላይ ከታየ ፍጥነቱን በ0.9615 ያባዙ (50 ለ52 ሲካፈል ነው)። 50 አካባቢ ካልታየ 100 አካባቢ ይፈልጉ፤ ያኔ 100ን ለተገኘው ቁጥር ያካፍሉ። የሚቀይሩት ፍጥነቱን ነው፤ የድምፁን ቅጥነት ብቻ የሚቀይረውን ትእዛዝ አይንኩ።

ሁለት ወጥመድ አለ። በትክክል 50 ላይ የቆመው ጉብታ ከራስዎ ቴፕ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ካሴቱን አቁመው ትንሽ ይቅዱና ያመሳክሩ። ዝግጅቱ በጄኔሬተር ከነበረ ደግሞ ልኬቱን አይመኑ፤ የድምፃዊውን ሌላ ቅጂ አጠገቡ አድርጎ በጆሮ ማስተካከል ይሻላል።

ቴፑ የበላው ካሴት ክሩ ካልተበጠሰ በእስክርቢቶ ቀስ ብለው ይጠቅልሉት። ካሴት የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ክሩን የምትጎትተው ጎማ ስትቆሽሽና ክሩ ሲጣበቅባት ነው። ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን የቴፑን ክፍል) 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል፣ ጎማዋን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። አረቄ አይሆንም፣ ውሃው ይበዛል፤ ሽቶም ዘይት አለው። ካሴቱ ውስጥ ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋው ትንሿ ስፖንጅ መሰል ቁራጭ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ታፍኖ ይመጣል፤ ከማይጠቅም ካሴት ነቅለው ይለጥፉ። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ያለበትን (በደሴ ጭጋግ እንግዳ አይደለም) በደህናው ቴፕ አያጫውቱ፤ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

የ90 ደቂቃ ካሴት ክር ከ60ው ቀጭን ነውና ወደፊትና ወደኋላ አያመላልሱት። ሲገለብጡ 48 ሺህ ሄርዝ፣ 24 ቢት፣ ዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) ይሁን፤ አንድ ሰዓት 1 ጊጋ ያህል ይይዛል። ከፍተኛው ድምፅ በመለኪያው ላይ ከዜሮ በ6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ (-6 ላይ) ይቁም። ይህን ጥሬ ቅጂ ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ማጽዳቱን በሁለተኛው ላይ ያድርጉ። እልልታውንና ጭብጨባውን ግን «ጫጫታ» ብለው ባይቆርጡት እንመርጣለን፤ ኮንሰርት ያሰኘው እሱ ነው።

ዓመቱን ለማግኘት የመድረክ መሪውን ያዳምጡ። «ጓዶች» ካለ ከግንቦት 1983 በፊት ነው ማለት ይቻላል። የካሴቱ ዓይነት ግን ዕድሜን አያረጋግጥም፤ ከሌላ የተገለበጠ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ በስልክ የቀረጽኩት ኮንሰርት ድምፁ ይሰነጠቃል። ይስተካከላል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙም አይስተካከልም። ማይኩ ከአቅሙ በላይ ሲጮኽበት የተቆረጠው ድምፅ ፋይሉ ውስጥ የለም። ለቀጣዩ ከስፒከሩ ሸሽተው ሚክሰሩ ወዳለበት ይቁሙ፤ ባለሙያው ድምፁን የሚያመጣጥነው እዚያ ሆኖ እየሰማ ነው። ከስልኩ ግርጌ ያለችውን የማይክ ቀዳዳ ደግሞ በጣትዎ አይሸፍኑ።