ጨውና ስኳር በምን ይለያያሉ? ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን ከአዘዞ «ጨውም ስኳርም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ ታዲያ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ የአንዱ ቦንድ አዮናዊ፣ የሌላው ኮቫለንታዊ መሆኑን ከመሸምደድ አልፋ እንዴት ትረዳው?» ብለው ጠይቀዋል። ጎንደር ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይገጥመኛል። ተማሪዎች «ሶዲየም ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል» የሚለውን አሳምረው ይወጡታል፤ የሚቸገሩት ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሲጠየቁ ነው።

የሶዲየም አቶም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ አደራደራቸውም 2፣ 8፣ 1 ነው። የክሎሪን 17 ኤሌክትሮኖች ደግሞ 2፣ 8፣ 7 ሆነው ይደረደራሉ። ሶዲየም የመጨረሻዋን ኤሌክትሮን ሲያጣ ፖዘቲቭ አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም)፣ ክሎሪን ሲቀበላት ኔጋቲቭ አዮን ይሆናል። ልጅዎ አጥብቃ መያዝ ያለባት ነገር ቦንዱ ይህ መስጠትና መቀበል አለመሆኑን ነው፤ አዮናዊ ቦንድ የምንለው በተቃራኒ ቻርጆች መካከል የሚኖረውን መሳሳብ ነው። መሳሳቡም በአንድ ሰጪና በአንድ ተቀባይ መካከል ብቻ ተወስኖ አይቀርም። በጨው ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን በስድስት የክሎራይድ አዮኖች፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በስድስት የሶዲየም አዮኖች ስለሚከበብ፣ ከአራዳ ገበያ በምንገዛው ጨው ውስጥ «አንድ የጨው ሞለኪውል» ብለን ለይተን የምናወጣው ነገር የለም።

ስኳር ግን ሞለኪውል አለው። በአንዱ ሞለኪውል ውስጥ 12 የካርበን፣ 22 የሃይድሮጅንና 11 የኦክስጅን አቶሞች ኤሌክትሮኖችን በጥንድ እየተጋሩ ተያይዘዋል፤ ኮቫለንታዊ ቦንድ የምንለው ይህ ነው። ይህን የመጋራት ሐሳብ በ1916 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ ነው። ስኳር ሲሟሟ ሞለኪውሎቹ ሳይፈርሱ እርስ በርስ ብቻ ይለያያሉ፤ ጨው ሲሟሟ ግን አዮኖቹ ራሳቸው ተለያይተው በውሃው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ።

ይህን ለማሳየት በክፍል ውስጥ ከሥዕል ሁሉ ይበልጥ የረዳኝ ቀላል ሙከራ ነው። አራት የባትሪ ድንጋዮችን በተከታታይ ያገናኙና ከአሮጌ የእጅ ባትሪ የወጣች ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል ያያይዙ፤ ረጅሙ እግሯ ወደ ፖዘቲቩ ይዙር። የሽቦዎቹ ጫፎች ሳይነካኩ በመጀመሪያ ደረቅ ጨው ውስጥ፣ ቀጥሎ የስኳር ውሃ ውስጥ፣ በመጨረሻም የጨው ውሃ ውስጥ ይግቡ። አምፖሏ በደንብ የምትበራው በጨው ውሃው ብቻ ነው፤ በጨው ውሃው ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፉት የሚንቀሳቀሱት አዮኖች ናቸው፤ በደረቁ ጨው ግን አዮኖቹ ቢኖሩም ከቦታቸው መንቀሳቀስ አይችሉም። የቧንቧ ውሃ የሟሙ ማዕድናት ስላሉት ራሱ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ሊሰጥ ስለሚችል የዝናብ ውሃ ይመረጣል። ሙከራው አጭር ይሁን፤ የቤት መብራት ኃይል ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

ብዙ ተማሪዎች የሚስቱት ሌላ ነገር የማቅለጥ ጉዳይ ነው። ስኳር ምድጃ ላይ ቶሎ ሲቀልጥ፣ ጨው የሚቀልጠው 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ከዚህ ተነስተው «ኮቫለንታዊ ቦንድ ደካማ ነው» ይላሉ። ስኳር ሲቀልጥ የሚላላው ግን በሞለኪውሎች መካከል ያለው መሳሳብ ነው፤ በሞለኪውሉ ውስጥ ያሉት ቦንዶች መፍረስ የሚጀምሩት ስኳሩ ቡናማ እየሆነ ሲሄድና ሲያር ነው። በነጭ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝም በኮቫለንታዊ ቦንድ የተያያዘ ሆኖ ሳለ ለመቅለጥ ከ1,600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጠይቃል፤ እዚያ መላው ክሪስታል በቦንድ የተሳሰረ ስለሆነ ለማቅለጥ ቦንዶቹን ራሳቸውን መስበር ግድ ይላል።