የአያታችን የትውልድ ዘመን፦ 1928 ወይስ 1936?

ጥያቄ፦ አያታችን ለረጅም ዘመን በምህንድስና ፕሮፌሰርነት ካስተማሩ በኋላ በጡረታ ወደ ትውልድ ከተማቸው ደሴ ተመልሰው ሲኖሩ፣ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ አርፈዋል። በአርባቸው ዕለት በቅሬው (በእድሩ) ሰው ፊት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ቤተሰቡ በእኔ ላይ ጥሎታል። ሆኖም ገና በመጀመሪያው መስመር አልተስማማንም። አጎቴ ከውጭ አገር ባመጡት የዲግሪ ማስረጃ ላይ ያየውን ይዞ በ1936 ተወለዱ ይላል፤ ታናሽ እህታቸው ደግሞ እናታቸው «አውሮፕላን ደሴን በቦንብ ሲመታ እሱ በሆዴ ነበር» ሲሉ ሰምተው እንዳደጉ ይናገራሉ። በእጄ ያለው ሌላ ነገር በጀርባው ላይ በራሳቸው ጽሕፈት «ምህንድስና ኮሌጅ፣ 1947 ዓ.ም.» የሚል ፎቶግራፍ ነው። በለቅሶው ላይም አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው በፈተና ሁለት ጊዜ እንደጣሉት እያለቀሰ ተናግሯል፤ ይህ ይጻፍ ወይስ ይቅር? የቀረው የዲግሪና የኃላፊነት ዝርዝር ነው። እኔ የማስታውሰው ጎረቤት ቤት ሲሠራ አሸዋውን በጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጠው እኛን የልጅ ልጆቻቸውን «ሳትነኩ ጠብቁ» ማለታቸውን ነው፤ ይህ ግን ለአደባባይ የሚሆን አይመስለኝም።
የልጅ ልጅ፣ ከደሴ

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከዘመኑ ልጀምር፤ ምክንያቱም አጎትዎም ሆኑ የአያትዎ እህት አልተሳሳቱም። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ሳሉ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን በእናቱ ማሕፀን የነበረ ልጅ ቢዘገይ እስከ ነሐሴ ይወለዳል፤ ያ ደግሞ በእኛ 1928፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1936 ነው። የዲግሪው ማስረጃ የተጻፈው በውጭ አገር ስለሆነ በእነርሱ ዘመን መቁጠሩ ይጠበቃል። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም ዋዜማ ላለው ጊዜ 8፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው 7 ዓመት ይቀነሳል። አጎትዎ አሁንም ከተጠራጠሩ ፎቶግራፉን ያሳዩዋቸው፤ በ1936 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ1947 ኮሌጅ የገባው በ11 ዓመቱ ነው ማለት ነው። እንግዲህ አያትዎ ያረፉት በ81 ሳይሆን በ89 ዓመታቸው ነው፤ የመቃብሩ ጽሑፍ ገና ካልተቀረጸ ይህን ለቀራጩ አስቀድመው ይንገሩ።

ፎቶግራፉ ሌላም ጥቅም አለው። በብዙ የሕይወት ታሪኮች ላይ በዚያ ዘመን የተማረውን ሁሉ «ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ» የማለት ልማድ አለ። የምህንድስና ኮሌጁ አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1954 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። አያትዎ በኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመታት ከገቡት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ይህን ደግሞ ከማንኛውም ሹመት አስበልጬ አየዋለሁ።

የተማሪው ነገር ይጻፍ፤ ነገር ግን ፈቃዱን ጠይቀው በራሱ አንደበት ይሁን። ስልክ ደውለው «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ከጠየቁት «ትሑት፣ ደግ» ይልዎታል፣ ያም ለማንም የሚባል ነው። ይልቁንስ የወደቀው በየትኛው ትምህርት እንደ ነበር፣ ወረቀቱን ሲመልሱለት ምን እንዳሉት፣ በሦስተኛው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ ይጠይቁት። ሁለት ጊዜ የጣለውን መምህር ለመቅበር የመጣ ሰው የሚናገረው ነገር አያጣም።

«ለአደባባይ አይሆንም» ያሉት ጠርሙስ ግን ለእኔ የደብዳቤዎ ዋና ነገር ነው። ከወንዝ የወጣ አሸዋ ከውኃና ከቁንጥር ጨው ጋር ተበጥብጦ ሲቀመጥ አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል፣ ጭቃው ግን በላዩ ላይ ቀስ ብሎ ይተኛል። የጭቃው ንብርብር ወፍራም ከሆነ አሸዋው ሳይታጠብ ለግንባታ አይበጅም፤ ጭቃው የአሸዋውን ቅንጣት ስለሚሸፍነው ሲሚንቶው በደንብ አይዝም። ፕሮፌሰሩ ልጆችን ሳትነኩ ጠብቁ ያሉት ጠርሙሱ ከተነቀነቀ ንብርብሩ ስለሚደባለቅ ነው። ጠርሙሱ የት ይቀመጥ እንደ ነበር፣ በምን ይለኩት እንደ ነበር፣ አሸዋው መጥፎ ሲሆን ለባለቤቱ እንዴት ይነግሩት እንደ ነበር ይጻፉ። ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ቁልቁለት ላይ ቤት የሠራ የቅሬ ሰው ይህን ሲሰማ የራሱን ግንብ ያስታውሳል፤ ከጽሑፉም ሩብ ያህሉን ለዚህ ቢሰጡ አይበዛም።

«ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ከአባታቸው ከአቶ እገሌ» የሚለውን መግቢያና «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለውን መዝጊያ አይተዉ፤ ለቀስተኛው ይጠብቃቸዋል። ዲግሪዎቹንና ኃላፊነቶቹን በአንድ አንቀጽ ይሰብስቡ። ከአርባው በፊት ጽሑፉን ለእህታቸው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ የሰፈሩን የድሮ ስምና የእናታቸውን ስም አጠራር ሊያርሙ የሚችሉት እሳቸው ናቸው።