እቃዬ ጂቡቲ ቆሟል፤ በባቡር ወይስ በመኪና?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ አነስተኛ የዱቄት ፋብሪካ አለኝ። ከቻይና ያዘዝኩት ማሽንና መለዋወጫ በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር በመልቲሞዳል (አንድ አጓጓዥ ባሕሩንም የብሱንም ይዞ በሚያመጣበት መንገድ) ጂቡቲ ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ወንድሜ ተሳቢ አለው፤ «በራሴ መኪና ላስመጣው» ብል አይቻልም ተባልኩ። ለወደፊቱ በምን ባመጣ ይሻለኛል?

መልስ፦ የያዘዎት ወረቀቱ ነው። በመልቲሞዳል ሲመጣ የጭነት ሰነዱ (ቢል ኦፍ ሎዲንጉ) የሚጻፈው ከቻይና ወደብ እስከ አገር ውስጥ ደረቅ ወደብ ድረስ ነው። ጂቡቲ መተላለፊያ ናት፤ ከዚያ በባቡር ይምጣ በመኪና የሚወስነው አጓጓዡ ነው። ለአሁኑ፣ ኮንቴይነርዎ ለየትኛው እንደተመደበ ይጠይቁ፤ ለባቡር ተመድቦ ከዘገየ በመኪና እንዲጫንልዎ በደብዳቤ ያመልክቱ። በዩኒሞዳል፣ ማለትም አጓጓዡ ጂቡቲ ድረስ ብቻ አምጥቶ ቀሪውን እርስዎ የሚያጓጉዙበት ቢሆን ኖሮ የወንድምዎን ተሳቢ መላክ ይችሉ ነበር፤ ግን የወደብ ኪራዩም ዲመሬጁም (ኮንቴይነሩ ለዘገየበት የሚከፈለው) በእርስዎ ላይ ይቆጥር ነበር።

ባቡሩ ብዙ ኮንቴይነር በአንዴ ያመጣል፤ ከባድ ማሽን ቢጫንበት ደስ ይለኛል። የእርስዎ እቃ ግን በአዳማ በኩል አልፎ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፤ ከሞጆ እንደገና በመኪና ወደ አዳማ ይመለሳል። ይህን ኪራይ ከወዲሁ ያስቡት።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማሽኑና መለዋወጫው አንድ ላይ መታሸጋቸው ነው። በትራንዚተርነት ስሠራ አንድ ደንበኛዬ አራት ኩሽኔታና ጥቂት ቺንጋ ከትልቅ ማሽን ጋር አሳሽጎ አስመጣ። ኮንቴይነሩ እስኪደርስ የቆየው ፋብሪካው ቆሞ፣ ሠራተኞቹም ቤታቸው ሆነው ነው። ሲታዘዝ ፕሮፎርማውን አይቼው ነበር፤ «ይህን ለዩት» አለማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ትእዛዙን ይክፈሉት፤ ማሽኑ በባሕር፣ ፋብሪካ የሚያቆመው ትንሽ እቃ በአውሮፕላን። የአየር ጭነት የሚከፈለው ከክብደቱና ከመጠኑ በሚበልጠው ነው፤ አንድ ሜትር ኪዩብ እንደ 167 ኪሎ ይታሰባል። 60 በ50 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በመጠኑ 20 ኪሎ ነው። ኩሽኔታ ሞልተውት 35 ኪሎ ቢመዝን የ35 ይከፍላሉ፤ የወንፊት ጨርቅ ሞልተውት 8 ኪሎ ቢመዝንም የ20 ይከፍላሉ። ኩሽኔታው በአየር ይምጣ፤ ወንፊቱ ካላስቸኮለዎት ከማሽኑ ጋር ይሁን።

ይህን ለላኪው የሚነግሩት ከመታሸጉ በፊት ነው፤ ለአየሩ እቃ ኢንቮይሱና የማሸጊያ ዝርዝሩ ለብቻው ይዘጋጅ። አሁንም ፋብሪካዎ በመለዋወጫ እጦት ቆሞ ከሆነ ኮንቴይነሩን አይጠብቁ። የኩሽኔታውን ቁጥር ከማሽኑ ላይ ዛሬውኑ ገልብጠው ይዘዙ።