ፕሮፓጋንዳ «ይነዛል» ወይስ «ይሰራጫል»?

ጥያቄ፦ በጦርነት ዘገባ «ጠላት ፕሮፓጋንዳ ይነዛል» ይባላል። «ያሰራጫል» ቢባል አይሻልም?

መልስ፦ ልብዎ የጠረጠረው ልክ ነው፤ ሁለቱ ግሦች እኩል አይደሉም። «አሰራጨ» ድርጊቱን ብቻ ይናገራል፤ «ነዛ» ፍርድ አለበት። ወሬ ይነዛል፣ አሉባልታ ይነዛል፤ እውነት ተነዛ ሲባል ግን አይሰማም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ባለቤቱን ይለውጡት። ያው ዘጋቢ ስለ ራሱ ወገን ሲጽፍ «ግንዛቤ አስጨበጠ» የሚል ከሆነ፣ ግሡም ዘምቷል ማለት ነው። ስለዚህ በዜና «አሰራጨ»፣ በአስተያየት «ነዛ» ይጻፍ።

«ነዛ» የመንደር ቃል ነው የሚሉ አሉ፤ አልቀበለውም። ሥሩ የግዕዙ «ነዝኀ» ነው፤ «መጽአ» «መጣ» እንደሆነ ሁሉ የጕሮሮ ድምፁ ወድቆ «ነዛ» ሆነ። ዳዊት በ50ኛው መዝሙር «ንዝኀኒ በአዛብ» ሲል በሂሶጵ እርጨኝ ማለቱ ነው። የመንጻት ግሥ ለአሉባልታ መዋሉ ያሳዝነኛል። የ«ፕሮፓጋንዳ» የላቲን ሥር ደግሞ ከወይን ተክል ጋር የተያያዘ ነው፦ ሐረጉን ሳይቆርጡ አጎንብሶ አፈር ማልበስ፣ ሥር ሲሰድ ከእናቱ መለየት። ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1622 የእምነት ማስፋፊያ ጉባኤዋን በዚህ ቃል ስትሰይም ነቀፌታ አልነበረበትም። ምስሉ ግን ዛሬም ይሠራል፤ ሰሚው ከማን እንደሰማ ረስቶ የራሱ አድርጎ ሲናገረው፣ ያኔ ሥር ሰዷል።

ስያሜ ከሁሉ ፈጥኖ ሥር ይሰዳል። የንጉሡ መንግሥት የኤርትራ ታጣቂዎችን «ሽፍታ» ይል ነበር። «ሽፍታ» ግን ሙሉ ስድብ አይወጣውም፤ በደል ያሸፈተውም ሽፍታ ነው፣ ቋራ ሸፍቶ የነበረው ካሳም በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሧል። ደርግ «ወንበዴ»ን ያዘ። በአማርኛው ወንጌል በርባንም ወንበዴ ነው፤ ቃሉ አንዳች የክብር ጥግ የለውም። «ወንበዴው ተደመሰሰ» ተብሎ በሬዲዮ በተደጋገመ ቁጥር «ለምን ተነሣ?» የሚለው ጥያቄ ይሞታል፤ ወንበዴ ዘረፋ እንጂ ጥያቄ አለው አይባልምና።

አሁን አሁን «ፕሮፓጋንዳ ሠራበት» መጥቷል። ለጆሮዬ ይጎረብጠኛል፤ ፕሮፓጋንዳ መነዛት እንጂ መሠራት አያምርበትም እላለሁ። ሆኖም ለምዷል፤ በአንድ ነገርም ይበልጣል፦ ማን በማን ላይ እንደሠራ ያስጠይቃል። «ተነዛ» ግን ነዢውን ይሸሽጋል።