መልስ፦ አልትራሳውንድ አንጎልን ያሞቃል ወይ?

አብሽር ወንድሜ። ሚስትህ ደሴ ላይ የታየችበት የእርግዝና አልትራሳውንድና ለአባትህ እጅ መንቀጥቀጥ የሰማኸው ሕክምና ስማቸው አንድ ነው እንጂ ጉልበታቸው አይገናኝም። የምርመራው ድምፅ ደካማ ነው። የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር የሚባለው ዓይነት ትንሽ ስለሚያሞቅ ባለሙያው አያስረዝመውም፣ በቃ። "የልጁን ጭንቅላት ያበስለዋል" የሚለውን ወሬ እርሳው።

ሕክምናው ግን ሆን ብሎ ያሞቃል። ፀጉር ሙልጭ ተደርጎ ይላጫል። ከዚያ 1,024 ድምፅ አመንጪዎች ያሉት የራስ ቁር ይደፋል። ሁሉም ታላመስ በሚባለው የአንጎል ጥልቅ ክፍል ውስጥ አንዲት ነጥብ ላይ ያነጣጥራሉ። የራስ ቅል አጥንት የድምፁን ጉልበት ውጦ ስለሚሞቅ በቁሩና በቆዳው መካከል ቀዝቃዛ ውሃ ይዘዋወራል።

ደስ የሚለው እዚህ ጋ ነው። የነርቭ ሕዋስ ለሙቀት ስሱ ነው፤ ጥቂት ዲግሪ ሲጨምር የመልእክት አላላኩ ይቀየራል። ስለዚህ ሐኪሞቹ መጀመሪያ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ብቻ ለአጭር ጊዜ ያሞቁና ታካሚውን ጠመዝማዛ መስመር ያስስሉታል። እጁ ከረጋ ቦታው ልክ ነው። ካልረጋ ወይም ከንፈሩ ከደነዘዘ ነጥቡን ያዛውራሉ፤ ሕዋሱ ይመለሳል። ልክ ሲሆን ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ያደርሱታል። ያኔ ሕዋሱ ይሞታል፣ መመለስ የለም። ኤምአርአይ ሙቀቱን እየለካ ይከታተላል።

አሜሪካ ሕክምናውን በ2016 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው በመድኃኒት ላልቆመ መንቀጥቀጥ ነው። መደንዘዝና ሲራመዱ ሚዛን ማጣት ሊያስከትል ይችላል።

አባትህን መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም ይያቸው። መንቀጥቀጥ ከታይሮይድም ከመድኃኒትም ይመጣል። እጃቸው የሚንቀጠቀጠው የቡና ሲኒ ሲያነሱ ነው ወይስ ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉት? ይህን አስተውለህ ለሐኪሙ ንገረው።