የልብ ጡንቻ ጠባሳ በኤምአርአይ፦ ኤልጂኢ ወይስ ቲ1 ማፒንግ? (ጥያቄና መልስ)

ጥ፦ ኤልጂኢ እያለ ማፒንግ ለምን አስፈለገ?

መ፦ ኤልጂኢ፣ ማለትም ኮንትራስት ከተወጋ በኋላ ዘግይቶ የሚነሣው ምስል፣ የሚሠራው በንጽጽር ነው፤ ጤነኛው ጡንቻ ጠቁሮ ጋዶሊኒየም (ኮንትራስቱ) የያዘው ጠባሳ ይነጣል። የኢንፋርክት (የልብ ደም ሥር ተዘግቶ የሞተ ጡንቻ) ጠባሳ ድንበሩ ግልጽ ስለሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለእሱ ዛሬም ኤልጂኢን የሚተካ የለም ባይ ነኝ። ጠባሳው በመላው ጡንቻ በስሱ ሲሰራጭ ግን ለማነጻጸሪያ የሚሆን ጤነኛ ቦታ ይጠፋና ምስሉ ንጹሕ ይመስላል። ቲ1 ማፒንግ፣ ማለትም የጡንቻውን ቲ1 (ሲግናሉ ከማግኔታዊ ምት በኋላ የሚያገግምበትን ጊዜ) ነጥብ በነጥብ በቁጥር የሚለካው ምስል፣ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ጥ፦ ጡንቻው አልጠቁር ብሎ ግራጫ ሆነብኝ።

መ፦ ቲአይ (ከመገልበጫው ምት እስከ ምስሉ መነሣት ያለው ጊዜ) ተስቷል። 0.1–0.2 ሚሊሞል በኪሎ ጋዶሊኒየም ከሰጡ በኋላ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁና በስካውት (ቲአይን ለመምረጥ ቀድሞ በሚነሣ የሙከራ ምስል) ጡንቻው የሚጠቁርበትን ቲአይ ይምረጡ፤ በ1.5 ቴስላ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ሚሊሰከንድ ነው። ጋዶሊኒየሙ እየታጠበ ሲሄድ ትክክለኛው ቲአይ ይረዝማል። በመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው የሄደ ሰው የኋለኞቹን ስላይሶች ያበላሻል። ፒኤስአይአር (የሲግናሉን አዎንታዊና አሉታዊ ምልክት የሚጠብቅ የኤልጂኢ ዓይነት) የቲአይ ስህተትን በደንብ ይችላል። ስካውቱ ላይ ጡንቻው ከደሙ ቀድሞ ከጠቆረ ግን ቲአይ ፍለጋውን ትተው አሚሎይዶሲስን (ያልተለመደ ፕሮቲን በልብ ጡንቻ የሚጠራቀምበትን በሽታ) ይጠርጥሩ።

ጥ፦ በውስጠኛው የግድግዳ ጠርዝ ያለ ቀጭን ጠባሳ ከደሙ አልለይ አለኝ።

መ፦ ሁለቱም ስለሚነጡ ነው። በፒኤስአይአር ቲአዩን አሳጥረው ደሙ እንዲጠቁር ያድርጉና ይድገሙ። ያንኑ ስላይስ በሲኔ (የልቡን እንቅስቃሴ በሚያሳየው) ምስሉ ያመሳክሩ።

ጥ፦ የኢሲቪ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

መ፦ ኢሲቪ (ከማፒንግ የሚሰላ፣ በጡንቻው ውስጥ ከሕዋሳት ውጭ ያለው ቦታ ድርሻ) የሚታመነው በገባው ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ ያሉት ቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ልክ ነው። ጤነኛ ጡንቻ 25% አካባቢ ነው። ሄማቶክሪቱ 35% የሆነ ታካሚ ላይ የቆየ የ45% ውጤት ቢያስገቡ፣ 30% መሆን የነበረበት ኢሲቪ 25% ገደማ ሆኖ ይወጣል፤ በሽታው ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ደሙን በምርመራው ዕለት ይውሰዱ። መለኪያውን ክብ ሴፕተሙ (የግራና የቀኝ ልብን የሚለየው ግድግዳ) መሃል ያስቀምጡ፤ ጠርዙ ደም ከነካ ቁጥሩ ይዛባል።

ጥ፦ የሌላ ሆስፒታልን መደበኛ ቲ1 ልጠቀም?

መ፦ አይሆንም። ማግኔቱ 1.5 ወይም 3 ቴስላ መሆኑ፣ ሲኩዌንሱም (ምስሉ የሚነሣበት ፕሮግራም) ቁጥሩን ይለውጡታል። ጤነኛ ሰዎችን በራስዎ ማሽን ለክተው የራስዎን መደበኛ ያውጡ።

ጥ፦ ጂኤፍአሩ (የኩላሊት የማጣራት አቅም መለኪያው) ከ30 በታች ለሆነ ታካሚስ?

መ፦ ያለ ኮንትራስት የሚለካው ቲ1 ፍንጭ ይሰጣል፤ ነገር ግን እብጠትም ከፍ ስለሚያደርገው ቲ2 ማፒንግ (እብጠትን የሚያሳየውን ካርታ) አብረው ይሥሩ። ኤልጂኢ የግድ ካስፈለገ ማክሮሳይክሊክ (በቀለበት ቅርጽ ሞለኪውል አጥብቆ የተያዘ) ጋዶሊኒየም ይመረጣል።